ወደ ጓሮ የተመለሰ ቢላዋ

አሜሪካ ውስጥ በእጅ የተሠራ ቢላዋ ዝናው የተነሣው ከአንድ ሳይሳካ ከቀረ የሽጉጥ ግጥሚያ ነው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1827 (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በናቼዝ ከተማ አቅራቢያ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚገኝ የአሸዋ ደለል ሁለት ባላንጣዎች ሽጉጥ ይዘው ተፋጠጡ። ተኩሰው ሳቱ፤ ተጨባብጠውም ሊለያዩ ነበር። ደም የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። አጅበዋቸው የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያያዙ፤ ከአጃቢዎቹ አንዱ ጂም ቦዊ በጥይትም በስለትም ቆስሎ ሳለ በታጠቀው ትልቅ ቢላዋ ኖሪስ ራይት የተባለውን የቆየ ጠላቱን ገደለ። ወሬውን ጋዜጦች ተቀባበሉት። ቦዊ በ1836 አላሞ በተባለው የቴክሳስ ምሽግ ሲሞት ስሙ የሰው ስም ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቢላዋ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ነበር።

ያንን ቢላዋ ማን እንደ ሠራው የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። የጂም ወንድም ሬዚን ቦዊ የመጀመሪያው የእኔ ሥራ ነው ሲል በ1838 ጽፏል። በአርካንሶ ግዛት ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ክብሩ የሚሰጠው ለጄምስ ብላክ ነው። ብላክ ብር መለበጥን በልጅነቱ የተማረ፣ በ1820ዎቹ ወደዚያች ከተማ መጥቶ ምድጃውን የተከለ ቀጥቃጭ ነበር። ብረቱን የሚያጠነክርበትን ዘዴ ማንም እንዳያይ ከመጋረጃ ጀርባ ይሠራ እንደነበር ይተረካል። ኋላ ዓይኑ ጠፋ፤ በሽምግልናው ጆንስ የተባለ ቤተሰብ አስጠግቶ ጦረው። ውለታውን ለመመለስ በ1870 ምስጢሩን ለቤቱ ልጅ ለዳንኤል ዌብስተር ጆንስ ሊያወርስ ቁጭ አለ፤ ነገር ግን አንድም ነገር ማስታወስ አቃተው። ያ ወጣት ኋላ የአርካንሶ አገረ ገዥ ሆነና ታሪኩን ራሱ ጽፎ አስቀረው። ብላክ የቦዊን ቢላዋ ሠራም አልሠራም፣ ይህ ትዝታ የዚያን ዘመን ሙያ ጠባይ በግልጽ ያሳያል። ዕውቀቱ የአንድ ሰው ንብረት ነበር፤ ሰውየው ሲያረጅ ዕውቀቱም አብሮት ያረጃል።

ከዝናው ያተረፉት ግን የአሜሪካ ቀጥቃጮች አይደሉም። በእንግሊዝ አገር የምትገኘው ሸፊልድ የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበሯን በሕግ ያቋቋመችው በ1624 ነው፤ ቤንጃሚን ሀንትስማን በ1740ዎቹ በሸክላ ማቅለጫ ጥራቱ እኩል የሆነ አረብ ብረት ማውጣት ከቻለ ወዲህ ደግሞ የሚወዳደራት አልነበረም። የሸፊልድ ነጋዴዎች የቦዊን ስም እንደ ሰሙ በመርከብ ቢላዋ ማጉረፍ ጀመሩ፤ በስለቱ ላይም የአሜሪካውያንን ልብ የሚነካ መፈክር ይቀርጹበት ነበር። የሚገርመው እነዚህ ቢላዋዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በትልቅ ፋብሪካ አለመሆኑ ነው። “ትንንሽ ጌቶች” የሚባሉ ባለሙያዎች አንዲት ክፍል ወይም የሥራ ጠረጴዛ ተከራይተው፣ አንዱ ሲቀጠቅጥ፣ ሌላው ሲሞርድ፣ ሦስተኛው እጀታ ሲገጥም ይውሉ ነበር። በጣም የተጎዱት ሞራጆቹ ናቸው። ሳይረጥብ ከሚሽከረከረው የአሸዋ ድንጋይ የሚነሣው ብናኝ ሳንባቸውን እየበላ ለጉልምስና ሳይደርሱ ይቀጫቸው ነበር።

አሜሪካ መልስ የሰጠችው በማሽን ነው። ጆን ራስል በ1834 በማሳቹሴትስ ግዛት በግሪን ወንዝ አጠገብ ሥራ ጀምሮ፣ በማሽን የሚነሣ መዶሻ ተክሎ ለወጥመድ አዳኞችና ለሥጋ ቤቶች ርካሽና ጠንካራ ቢላዋ አመረተ። ሌሎችም ተከተሉት። በ1890 የወጣው የቀረጥ ሕግ የውጭውን ዕቃ ሲያስወድደው ሸፊልድ ገበያዋን አጣች፤ የአሜሪካም ፋብሪካዎች ሜዳው ለብቻቸው ሆነላቸው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ቢላዋ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ ነበር። የመንደር ቀጥቃጭ የፈረስ ጫማ ይመታ፣ ማረሻ ይጠግን እንደሆነ እንጂ ቢላዋ የሚያሠራው ሰው አጣ፤ መኪና በመጣ ጊዜ ፈረሱም ቀረ፣ ምድጃውም ተዘጋ።

በዚህ ጭር ባለ ዘመን የሙያውን ክር ሳይበጠስ ያቆየው በሚሺጋን ግዛት በፍሩትፖርት አካባቢ ይኖር የነበረው ዊልያም ስካጌል ነው። ብቸኝነት የሚወድ፣ ያሻውን ሁሉ በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ነበር። እጀታውን የሚያበጀው ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ቆዳ ደራርቦ ጫፉ ላይ የአጋዘን ቀንድ በመግጠም ነው፤ ይህ አሠራር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተቀድቷል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ቢላዋዎቹ የሀብታም አዳኞች መደብር በነበረው በአበርክሮምቢ ኤንድ ፊች ይሸጡ ነበር። ስካጌል ትምህርት ቤት አልከፈተም፣ መጽሐፍም አልጻፈም። ሙያውን ያስተላለፈው ሳያስበው፣ ከሠራቸው ቢላዋዎች በአንዷ በኩል ነው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ዋልተር ዶን ራንዳል፣ ወዳጆቹ “ቦ” የሚሉት፣ በሚሺጋን ዋሉን ሐይቅ ለዕረፍት ሄዶ ሳለ አንድ ሰው የጀልባ ቀለም በቢላዋ ሲፍቅ አየ። እንዲህ ያለ ሥራ ማንኛውንም ስለት ያደነዝዛል፤ ይህኛው ግን ቀለሙን ፍቆ ሲጨርስም እንደ ሰላ ነበር። ራንዳል ቢላዋውን ለምኖ ገዛው፤ የስካጌል ሥራ ነበር። ራንዳል የፍሎሪዳ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ በኦርላንዶ የብርቱካን እርሻ ነበረው፤ ከቢላዋ እንጀራ የሚበላበት ምክንያት አልነበረውም። ወደ ቤቱ ተመልሶ በ1937 ከመኪና ባሌስትራ የመጀመሪያውን ቢላዋ ቀጠቀጠ፤ በዓመቱ ለሌሎች ይሠራ ጀመር።

ባሌስትራው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። የመኪናን ክብደት ተሸክሞ ሺህ ጊዜ ተለምጦ የማይሰበር ብረት የግድ በቂ ካርቦን ያለው አረብ ብረት መሆን አለበት፤ አግለው በዘይት ሲነክሩት ይጠነክራል፣ መልሶ ሲሞቅ ደግሞ የመለመጥ ጠባዩን ይይዛል። የመኪና መብዛት የመንደሩን ቀጥቃጭ ሥራ ቢያሳጣውም፣ ቀድሞ ሸፊልድ ካልሆነ የማይገኘውን ብረት በየመንገዱ ዳር በነፃ ጥሎለታል። በኢትዮጵያም ቀጥቃጮች ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላዋና ማጭድ የሚያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራንዳልን የትርፍ ጊዜ ሥራ ዋና ሥራው አደረገው። ወደ ግንባር የሚሄድ አንድ ወታደር የውጊያ ቢላዋ አሠራ፤ ጓደኞቹ አዩ፤ ጥያቄው ከየጦር ሰፈሩ ጎረፈ። ያ ንድፍ “ሞዴል 1” ተብሎ እስከ ዛሬ ይሠራል። ራንዳል ከጊዜ በኋላ ባሌስትራውን ትቶ በስዊድን አረብ ብረት መሥራት ጀመረ፤ በኅዋ ጉዞ ዘመንም ከጠፈርተኛው ጎርደን ኩፐር ጋር ተማክሮ ለሜርኩሪ ጠፈርተኞች የሚሆን ቢላዋ ነደፈ። በዚያው ጦርነት ጊዜ በአይዳሆ ግዛት በማውንቴን ሆም ከተማ ሆይት ባክ የተባለ ፓስተር፣ መንግሥት ለወታደሮች ቢላዋ ያላችሁ ለግሱ ባለ ጊዜ የሚሰጠው ስላልነበረው ምድጃና መስፍ ገዝቶ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተከለ። በወጣትነቱ ካንሳስ ውስጥ የቀጥቃጭ ተለማማጅ ሆኖ የተማረውን አልረሳም ነበር፤ ብረቱም ያለቀ ሞረድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከልጁ ከአል ጋር በሳንዲዬጎ ትንሽ ሥራ ከፈተ። ድርጅቱ በ1960ዎቹ ባወጣው ባለመቆለፊያ ታጣፊ ቢላዋ ትልቅ ፋብሪካ ሆነ፤ የእነሱ ታሪክ ከዚያ ወዲያ የጓሮ ታሪክ አይደለም።

ራንዳል ስሙ ሲገን ወረፋው ረዘመ፤ ሦስተኛው ትልቅ ስም የተወለደው ከዚሁ ወረፋ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦብ ላቭለስ የተባለ የነዳጅ መርከብ ሠራተኛ ኒውዮርክ ወደሚገኘው አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች ገብቶ የራንዳል ቢላዋ ጠየቀ። ዘጠኝ ወር መጠበቅ አለብህ ተባለ። ላቭለስ በኦሃዮ በ1929 የተወለደ፣ ዕድሜውን ዋሽቶ በአሥራ አራት ዓመቱ መርከብ ላይ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም። ኒውጀርሲ ውስጥ ከአሮጌ መኪናዎች መጣያ የ1937 ፓካርድ መኪና ባሌስትራ ገዝቶ በመርከቡ ወጥ ቤት ምድጃ አግሎ ቀጠቀጠው። ቢላዋውን ለዚያው መደብር ሲያሳይ መደብሩ ተጨማሪ እንዲሠራ አዘዘው።

የላቭለስ ትልቁ አስተዋጽኦ መዶሻውን መተዉ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ጠፍጣፋ አረብ ብረት ወስዶ የማይፈለገውን በመሞረጃ እየጋጠ የቢላዋ ቅርጽ ያወጣል። ለዚህ መዶሻም ወናፍም አያስፈልግም፤ ሥራው መኪና በሚቆምበት ጋራዥ ይበቃዋል። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በላይ ርዝመት ያለው ሸካራ ቺንጋ የሚሽከረከርበት ማሽን ኋላ የዚህ ሙያ ዋና መሣሪያ ሆነ። የላቭለስ የአደን ቢላዋ ጫፉ ከጀርባው መስመር ዝቅ ያለ ነው፤ አዳኙ የእንስሳውን ሆድ ሲከፍት አንጀቱን እንዳይወጋ ማለት ነው። የብረቱ ጭራ በሙሉ ስፋቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዘልቃል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን እየሳሳ ሚዛኑን ያቀላል። በ1972 ገደማ ደግሞ ለጄት ሞተር ክፍሎች የተሠራ፣ 14 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ሞሊብዲነም ያለበት 154ሲኤም የተባለ ብረት ለቢላዋ አመጣ። ከዚያ በፊት የማይዝግ ብረት ስለቱን አይዝም ተብሎ በባለሙያዎች ዘንድ የተናቀ ነበር። በ1977 ከሪቻርድ ባርኒ ጋር ሆኖ ያሳተመው የቢላዋ አሠራር መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ የሚያስተምር ነው። ከጄምስ ብላክ መጋረጃ ጋር ሲተያይ፣ በሙያው የመጣው እውነተኛ ለውጥ ከብረቱ ይልቅ ይህ ግልጽነት ነው ለማለት ያስደፍራል።

የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በ1970 ሲመሠረት ላቭለስ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ ዓመታዊ ዐውደ ርዕይም ተጀመረ። በየጓሮው ብቻውን ሲሠራ የነበረ ሰው የሌላውን ሥራ በእጁ ይዞ የሚመለከትበት መድረክ አገኘ። የሙያው መጽሔትም በ1973 መውጣት ጀመረ።

በዚያው በ1973 በካንሳስ ሲቲ በተካሄደው ዐውደ ርዕይ ቢል ሞራን ስምንት ቢላዋዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ ስለታቸው እንደ እንጨት ዘር ሞገድ ሞገድ ያለ መልክ ነበረው። ይህ የደማስቆ ብረት የሚባለው ነው። ሞራን በ1925 በሜሪላንድ የተወለደ የወተት ላም አርቢ ልጅ ነው፤ ብረት መቀጥቀጥ የጀመረው በልጅነቱ በቤተሰቡ እርሻ ላይ ነው፤ ኋላም እርሻውን ሸጦ ሙሉ ጊዜውን ለቢላዋ ሰጠ። ሌላው ሁሉ ወደ መሞረጃ ማሽን ሲዞር እሱ ከመዶሻው አልተለየም።

የደማስቆ ብረት አሠራር ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም ለመረዳት አይከብድም። ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት ብረቶች እየተፈራረቁ ይነባበራሉ፤ አየር እንዳይበላቸው ቦራክስ ይነሰነስባቸውና እስኪነጡ ድረስ ይግላሉ፤ ከዚያ በመዶሻ ሲመቱ ሳይቀልጡ ይጣበቃሉ። የተጣበቀው ተስቦ ይረዝማል፣ ለሁለት ተቆርጦ ይታጠፋል፣ እንደገና ይጣበቃል። በአሥር ንብርብር የጀመረ ሰው አምስት ጊዜ ካጠፈ 320 ይደርሳል። ቢላዋው ተሞርዶ ካለቀ በኋላ አሲድ ውስጥ ሲገባ አንደኛው ብረት ይጠቁራል፣ ኒኬል ያለበት ግን ብሩህ እንደሆነ ይቀራል፤ መልኩ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። አስቸጋሪው በሁለት ንብርብር መካከል የቀረች ቅንጣት ቆሻሻ ናት፤ ከውጭ አትታይም፤ ብረቱ ተሞርዶ ሊያልቅ ሲል ስንጥቅ ሆና ትገለጣለች።

የሞራን ሥራ ቀጥቃጮችን መልሶ አስነሣ። በ1976 የአሜሪካ ቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር የሚባል ሌላ ድርጅት ተመሠረተ፤ ይህኛው አባልነትን በማዕርግ ለየው። መካከለኛውን ማዕርግ የሚሻ ተለማማጅ ዓመታት ከሠራ በኋላ አንድ በእጁ የቀጠቀጠው ቢላዋ ይዞ ይፈተናል። በመጀመሪያ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ አለበት። ቀጥሎ የቤት ጣሪያ የሚሠራበትን ዓይነት ወፍራም እንጨት ሁለት ጊዜ ቆርጦ መጣል አለበት። ከዚያ እንጨት የቆረጠው ያው የስለቱ ክፍል የክንድ ጠጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻም ጫፉ በሞርሳ ተይዞ ቢላዋው ዘጠና ዲግሪ ይጎበጣል፤ ከተሰበረ ተፈታኙ ወደቀ። እነዚህ ጥያቄዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ጠጉር የሚላጭ ስለት ጠንካራ መሆን አለበት፣ ጠንካራ ደግሞ ሲጎብጥ ይሰበራል። መፍትሔው ስለቱን ብቻ አጠንክሮ ጀርባውን ለስላሳ ማስቀረት ነው፤ ይህን በስሜት ሳይሆን በእሳት ቁጥጥር የሚያደርግ ሰው ብቻ ያልፋል። ለከፍተኛው ማዕርግ የሚቀርበው የፈተና ቢላዋ ከ300 የማያንስ ንብርብር ያለው የደማስቆ ብረት ሲሆን፣ ባለ ሁለት ስለት ጩቤ ሠርቶ ማሳየትም ግዴታ ነው።

ማኅበሩ ትምህርት ቤቱን በ1988 የከፈተው በዚያችው በአርካንሶ ዋሽንግተን ነው፤ ብላክ ምስጢሩን ማስታወስ ባቃተው ከተማ ዕውቀቱ በክፍያ ለፈለገ ሁሉ የሚሰጥ ኮርስ ሆነ። ሞራን በ2006፣ ላቭለስ በ2010 አረፉ፤ ራንዳል በ1989 ቀድሟቸው ነበር።

በደማስቆ ብረት ላይ ግን አንድ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ቀርቶ ነበር። ሞራን ያንሠራራው ብረት ተነባብሮ የተጣበቀ ነው። የመስቀል ጦረኞች ያደነቁት የሚባለው ሌላው ደግሞ በህንድ በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሞገዱ ከብረቱ ውስጥ በራሱ የሚወጣ ነው፤ ይህ ጥበብ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የብረት ሳይንስ ምሁር ጆን ቬርሁቨንና የፍሎሪዳው የፈረስ ጫማ ሠሪ አል ፔንድሬይ ለዓመታት አብረው ሞከሩት። በ1998 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሞገዱን የሚፈጥረው በማዕድኑ ውስጥ የሚገኝ እጅግ ጥቂት ቫናዲየምና መሰሎቹ ናቸው፤ ብረቱ ተደጋግሞ ሲግልና ሲቀጠቀጥ ካርቦኑ በእነሱ ዙሪያ ተሰልፎ መስመር ይሠራል። ይህ የጥበቡን መጥፋት ያስረዳል። ቫናዲየም የሌለበት ማዕድን ሲመጣ ቀጥቃጩ የአባቱን አሠራር አንድ ሳያዛንፍ ቢከተልም ሞገዱ አይወጣለትም፤ ምስጢሩን የያዘው ማዕድኑ ስለነበር እሱ ራሱ አያውቀውም።

እስከዚያው ድረስ ጓሮው ፋብሪካውን ማስተማር ጀምሮ ነበር። ማይክል ዎከር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታጣፊ ቢላዋ በእጀታው ውስጥ ባለ ስስ ብረት እንዲቆለፍ አደረገ፤ በአንድ እጅ ተከፍቶ በአንድ እጅ ይዘጋል። በ1989 ከደቡብ አፍሪካ ወደ አይዳሆ የመጣው ክሪስ ሪቭ መቆለፊያውን ከእጀታው ግድግዳ ራሱ ቆርጦ አወጣው። ሁለቱም ዘዴዎች ዛሬ በየአገሩ ፋብሪካ ይመረታሉ። በ2001 በዱቄት ብረት ዘዴ የወጣው ኤስ30ቪ የተባለ አረብ ብረት የተዘጋጀው ሪቭ ከብረት አምራቹ ጋር እየተመካከረ ነው፤ የብረት ፋብሪካ ለቢላዋ ሠሪ ብሎ ብረት ማቅለጡ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

በ2015 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀጥቃጮች ውድድር መታየት ሲጀምር ሙያውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ምድጃ ፈለገ። ጀማሪ ዛሬ ባሌስትራ ፍለጋ አይሄድም፤ ያገለገለ ብረት ውስጡ ምን እንዳለ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። በምትኩ 0.84 በመቶ ያህል ካርቦን ያለበትን 1084 የተባለውን ተራ ብረት ይገዛል፤ ይህ ብረት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በጋዝ ምድጃ አግሎ ማግኔት ያስጠጋበታል፤ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ብረቱ በማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ከዚያ ጥቂት አልፎ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ስለቱ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር በወጥ ቤት ምድጃ 200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት ይጋገራል፤ የጸዳው ብረት የገለባ ቀለም ሲይዝ መብሰሉ ይታወቃል። ሲሞርድ የብናኝ መከላከያ ጭንብል ማድረግ ግዴታ ነው፤ የሸፊልድ ሞራጆች የሞቱበት ምክንያት አሁን በየመመሪያው ላይ ተጽፏል።

የማይዝገው ብረት ግን ለወጥ ቤት ምድጃ አይገዛም። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ለተወሰነ ደቂቃ ሳይዛነፍ መቆየት አለበት፤ አየር እንዳይነካውም በስስ የብረት ቅጠል ይጠቀለላል። ገንዘብ ያለው ሠሪ ሙቀቱን በዲጂታል የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ እቶን ይገዛል። የሌለው ደግሞ ቅርጹን ካወጣ በኋላ ብረቱን በፖስታ ለዚህ ሥራ ወደተቋቋሙ ድርጅቶች ይልካል፤ እነሱም ከሌሎች ሠሪዎች ብረት ጋር አንድ ላይ አጠንክረው፣ የጥንካሬውን ልክ ለክተው ይመልሱለታል። የመጨረሻው ሞረዳ፣ እጀታውና አፎቱ ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ ያልቃሉ።